ሳል የያዛት ተርብ

አዳማ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል ይዛችሁ መንገድ ዳር አምስት ደቂቃ ብትቆሙ አምስት ሐኪም ታገኛላችሁ። አንዱ "ካንዴላዋ ነው" ይላል። ሁለተኛው "ባትሪ ጨርሳ ነው" ይላል (የእኛዋ ባትሪ የሚባል ነገር የላትም)። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር መርገጫውን ሃያ ጊዜ ረግጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ መንገዱን ይቀጥላል። አራተኛው የአጎቱ ልጅ ጋራዥ እንዳለው ይነግራችኋል። አምስተኛው "ሽጧትና ተገላገሉ" ይላል። እኛ ዛሬ የምንሟገተው ከአምስተኛው ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ውስጥ ቬስፓ አለች። ስፕሪንት 150 የሚሏት ናት፤ ፒያጆ ይቺን ሞዴል የሠራት እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ነው። አባባ አስተማሪ በነበረበት ዘመን አዳማና ወንጂን ያመላለሰችው እሷ ናት። እኛንም (እህትማማቾች ነን፤ አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቀናል፣ አንዳችን ገና ኮሌጅ ነን) አንዳችንን ከፊት አቁማ፣ አንዳችንን ከኋላ አስቀምጣ ትምህርት ቤት አድርሳናለች። አባባ ጡረታ ወጣ፣ ጉልበቱ መርገጫ መርገጥ እምቢ አለ፣ ቬስፓዋም በረንዳ ላይ አሮጌ አንሶላ ለብሳ ከሁለት ዓመት በላይ ተኛች። አልፎ አልፎ ስናስነሳት ትነሳለች፤ ትንሽ ትሄዳለች፤ ከዚያ ሦስት አራቴ ታስልና ቀጥ ትላለች።

ባለፈው ወር፣ ሰኞ ዕለት፣ ገዢ መጣ። ወጣት ነው፤ ካፌ ሊከፍት ነው። ቬስፓዋን በሩ ላይ ሊያቆማት፣ መቀመጫዋ ላይ አበባ ሊያስቀምጥባት አስቧል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ በ1953ቱ ፊልም ላይ ሮምን በቬስፓ ሲዞሩ የሚያሳየው ፎቶ በትልቁ ይሰቀላል። "ሞተሯ ባይሠራም ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ባይሠራ ይሻላል፣ ቤንዚን አትሸትም" አለን። አባባ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶ "የምትሄድ ከሆነች አትሸጥም። የማትሄድ ከሆነች ግን እዚህ ዝገት ከሚበላት ሰው ይያት" አለ። ልጁ ቀብድ ሊያወጣ ኪሱ ውስጥ ሲገባ አባባ እጁን ያዘውና "ቅዳሜ ተመለስ" አለው።

እንግዲህ አምስት ቀን አለን ማለት ነው።

ቬስፓዋ ከዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ገብታ ነበር (ስም አንጠራም፤ ሰውየው ጎረቤት ናቸው፣ ሠርግም ለቅሶም ላይ እንገናኛለን)። መካኒኩ የሰርባቶዮውን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅለው ቤንዚኑ ሲወርድ አሳዩን። "ይኸው ልጆቼ፣ ቤንዚን እንደ ቧንቧ ውኃ ይመጣል። ችግሩ የነዳጅ አይደለም። ፒስተኗ አልቋል፤ ሞተር ይውረድ" አሉ። የሚያስከፍለውን ሲነግሩን አባባ በትሕትና "እናስብበታለን" አለ። በእኛ ቤት ቋንቋ "እናስብበታለን" ማለት አንሶላውን መልሳችሁ አልብሷት ማለት ነው። ከመካኒኩ ሥራ ውስጥ ግን አንድ ነገር ያዙልን፤ ክዳኑን ከፍተው ነበር።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ትንሽ ስለ አካሏ። ቬስፓ የነዳጅ ፓምፕ የላትም። ሰርባቶዮው ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ካርቡራተሩ ከእሱ ዝቅ ብሎ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት በሩቢኔቱ አልፎ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ቱቦ ወርዶ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ገንዳ ይሞላል። ገንዳዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ሞተሩ የሚጠጣው ከዚያች ገንዳ ነው። የቆርቆሮና የስበት ጉዳይ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የነደፋት ሰው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር ይባላል። ፓተንቷ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 ነው። ስሟንም ያወጣላት የፋብሪካው ባለቤት ኤንሪኮ ፒያጆ ነው ይባላል፤ ወገቧ ቀጥኖ ኋላዋ ሲሰፋ አይቶ "ተርብ ትመስላለች" አለ። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ዋናው፣ ሞተሯ ቱ ስትሮክ መሆኑ ነው። የሞተር ዘይቱ ለብቻው አይቀመጥም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የእኛዋ 2 በመቶ ነው የምትፈልገው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። እንግዲህ አስቡት። ነዳጅ ያነሰው ቱ ስትሮክ ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም ያጣው፣ ዘይትም አጥቷል። አየር የበዛበት ድብልቅ ደግሞ ሲነድ ይግላል። ግለትና ድርቀት አንድ ላይ ሲመጡ ፒስተኑ ያብጥና ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ "ስታስል እየገፋን ጋዝ እንስጣት፣ ትለቃለች" የሚለው የሰፈር ምክር ሞተር መግደያ ምክር ነው። መካኒኩ አልቋል ያሉት ፒስተን ሳያልቅ ሊያልቅ የሚችለው እንዲህ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት እያልን እንጠይቅ ዘንድ ተነግሮናል። ለሞተር የሚጠቅመው "መቼ" ነው። ሁሉም ሰው "ምኗ ነው?" ይላል፤ "መቼ ነው የምትጠፋው?" የሚል የለም። ሰኞ ማታ ስልካችንን ሰዓት አድርገን ተቀመጥን። ጋዝ ሰጥተን ስናስጮኻት ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይታ ጠፋች። አሥር ደቂቃ አሳርፈን ስናስነሳት በሁለተኛው እርግጫ ተነሳች፣ ሦስት ደቂቃ ሠራች፣ ጠፋች። ሁለት ደቂቃ ብቻ አሳርፈን ስናስነሳት ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላችም። ከዚያ ደህና አሳርፈናት ጋዝ ሳንሰጥ፣ በዝግታ ብቻ እንድትሠራ ተውናት። ዘጠኝ ደቂቃ ቆየች።

ይህን ቁጥር ደብተር ላይ ጽፈን ስናየው ደስ አለን። ምክንያቱም አሮጌ ቬስፓ ላይ ከነዳጅ ማጣት ጋር በጣም የሚመሳሰል ሌላ በሽታ አለ። ኮይሉ ሲግል እሳት ይከለክላል፣ ሲበርድ መልሶ ይሰጣል። ያም "ትነሳለች፣ ትጠፋለች፣ ስታርፍ ትነሳለች" ነው። ብዙ ሰው በዚህ ተምታቶ ኮይል ገዝቶ ካርቡራተር ሊያጸዳ ይመለሳል፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ልዩነቱ ያለው አጠፋፏ ላይ ነው። እሳት ያጣች ሞተር መብራት እንደ ጠፋበት ቤት በአንድ ጊዜ ጭልም ትላለች። ነዳጅ ያጣች ግን ታስላለች፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ትላለች፣ ከዚያ ነው የምትሄደው። የእኛዋ ታስላለች። በዚያ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ከግለቷ ይልቅ ከምትጠጣው መጠን ጋር ነው የሄደው፤ ብዙ ስትጠጣ ሦስት ደቂቃ፣ ጥቂት ስትጠጣ ዘጠኝ።

ቢሆንም ምስክር አንድ አይበቃም። ማክሰኞ ጠዋት ልክ ልትጠፋ ስታስል ቾኳን ሳብናት። ቾክ ድብልቁን ያወፍራል፤ ሞተሩ ነዳጅ ከጠማው ለጥቂት ሰከንድ ነፍስ ይዘራል። ዘራች። ከጠፋች በኋላ ወዲያው ካንዴላዋን ፈታን። ጫፏ ደረቅ ነው፣ ነጣ ያለ። ነዳጅ ደርሷት እሳት ቢጠፋ ኖሮ እርጥብ ሆና ቤንዚን ትሸት ነበር። ከሰርባቶዮው ራቅ አድርገን፣ የካንዴላዋን ቀዳዳ በጨርቅ ሸፍነን፣ ካንዴላዋን ብረት ላይ አስነክተን ስንረግጥ ሰማያዊ እሳት ጧ ጧ ይላል። በአውራ ጣት የካንዴላውን ቀዳዳ ደፍነን ስንረግጥ ደግሞ ጣታችንን ገፍትሮ ወረወረው። ፒስተኑ ያለቀ ሞተር እንዲህ አይገፋም። የጎረቤታችን ምርመራ እዚህ ላይ ወደቀ።

ታዲያ ቤንዚኑ የት ነው የሚቀረው?

እዚህ ላይ ስለ እማማ መናገር ግድ ነው። ቤንዚን ባለበት ግቢ ከሰል አይቀጣጠልም ብለን ሁለት ቀን ቡናዋን አስከልክለናታል። ዕጣንም ጭምር። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከበሩ ላይ ሆና እያየችን ነበር፤ ቅያሜም አለባት። ክዳኑን ስንከፍት "ፍስስ" አለ። ትንሽ ድምፅ ነው፣ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ዓይነት፣ ግን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ። እማማ "ምንድነው የሚተነፍሰው?" አለች። አየር ወደ ውስጥ እየገባ ነው አልናት። "የዘይት ቆርቆሮ እንኳ ሁለት ቦታ ይበሳል፤ አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለአየሩ" ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ልክ ናት። ሰርባቶዮ ውስጥ ቤንዚን በወረደ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ውስጡ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ውጭ ያለው አየር በቱቦው በኩል ቤንዚኑን ወደ ላይ እንደ መደገፍ ይላል። የቤንዚኑ ክብደትና ይህ መሳብ እኩል ሲሆኑ ፍሰቱ ቀጥ ይላል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ አየር በቀስታ በሆነ ስንጥቅ ይገባል፣ ግፊቱ ይስተካከላል፣ ገንዳዋ ትሞላለች፣ ቬስፓዋም ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ለዚህ ነው እረፍት ይፈውሳት የነበረው። ለዚህም ነው መካኒኩ ሲያዩ ቤንዚኑ እንደ ቧንቧ ውኃ የወረደው፤ ክዳኑን ከፍተውት ነበር። በሽታውን ከፍተው አስወጥተውት፣ ከዚያ የለም አሉ።

የቬስፓ ክዳን ላይ ለዚህ የተሠራች የመርፌ ጫፍ የምታህል መተንፈሻ አለች። የእኛዋን ስናይ ከውስጥ ጥቁር ጎማ ለብሳለች። የፋብሪካው ማኅተም ዕድሜው አልቆ አንድ ባለሙያ ከመኪና ካላማዳሪያ ክብ አድርጎ ቆርጦ ሠርቶላት ኖሯል። አባባ ስንጠይቀው ትዝ አለው፤ ቤንዚን ወደ ሱሪው እየተረጨ ሲያስቸግረው ነው ያሠራው። በጎ ሐሳብ ነው፤ መረጨቱን አቁሟል። ግን ካላማዳሪያ ቤንዚን አይወድም፣ ሲነካካው ያብጣል። ጎማው አብጦ፣ ተንደርክኮ፣ መተንፈሻዋን ጥርቅም አድርጎ ዘግቷታል።

ለማረጋገጥ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣን፤ ግማሽ ሊትሯን። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅለን ጠርሙሱ ውስጥ ከተትን፣ ክዳኑን ገጠምን፣ ሩቢኔቱን ከፈትን፣ ሰዓት ያዝን። መጀመሪያ ደህና ወረደ። ቀጥሎ ቀጠነ። ቀጥሎ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ምንም። ክዳኑን ስንከፍት እንደገና ቱር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ አምስት ጊዜ ነው ያደረግነው፤ ጎረቤት ሁሉ ጠርተን አሳየን። መካኒኩም መጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አዩ፣ "አየር ነው እንግዲህ" ብለው ሄዱ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጎማውን አውጥተን መተንፈሻዋን በቀጭን ሽቦ ከፈትን፤ ለክዳኑም ቤንዚን የሚችል ማኅተም ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ገዝተን፣ ትንፋሿን እንዳይሸፍን መሐሉን በሳነው። የሰባ አምስት ሳንቲም ሥራ ማለት አማረን፣ ሰባ አምስት ሳንቲም የሚባል ገንዘብ ቢቀርም።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያልቃል ብላችሁ ከሆነ፣ እኛም እንዲያልቅ በወደድን። ሰፈር ውስጥ ዞረች፣ አልጠፋችም። አስፋልት ላይ ወጥተን በአራተኛ ማርሽ ጋዙን እስከ ጥጉ ስንከፍተው ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ያቺ ሳል መጣች። ጋዙን ወዲያው ዘጋን (ስለ ፒስተኑ የጻፍነውን አስታውሱ)፣ ፍሪሲዮን ያዝን፣ ዳር ቆምን።

ስሌት እናድርግ። እንዲህ ያለች ቬስፓ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ያህል ትፈልጋለች እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰዓት 2.4 ሊትር መጠጣቷ ነው፤ በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር። ለዳገትና ለሙሉ ጋዝ ደግሞ ከዚያ በላይ። ክዳኑ ተከፍቶ እንኳ ከቱቦው የምናገኘውን ስንለካ በደቂቃ 60 አካባቢ ነበር። ያፈናፍናል እንጂ አያጠግብም። ሰርባቶዮው ሲጎድል ደግሞ የቤንዚኑ ከፍታ ስለሚቀንስ ግፊቱም አብሮ ይቀንሳል። ሁለተኛ ሌባ አለ ማለት ነው።

አንድ የሰፈር ሐኪም "የካርቡራተሩን ቀዳዳ በመርፌ አስፉት" አለን። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያቺ ነዳጅ የምትለካው የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቁጥሯም ላይዋ ላይ ተቀርጿል፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ መርፌ ያበላሸዋል። ደግሞም ምክሩ በራሱ አይገጥምም። ቬስፓዋ የተወለደችው ፖንቴዴራ ነው፣ ባሕር ጠለል አጠገብ። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባማ ከ2,300 በላይ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ የፋብሪካው ቀዳዳ ነዳጁን ቢያበዛ እንጂ አያሳንስም። አዲስ አበባ ላይ አንዳንዱ ባለሙያ በትንሽ ቁጥር የሚቀይራት ለዚህ ነው። የካርቡራተሩን ክዳን ከፍተን አየናት፤ ንጹሕ ናት፣ ብርሃን ላይ ስትይዟት ክቧ ፍንትው ብሎ ይታያል። ተንሳፋፊው አልተቀደደም፣ መርፌውም ይንቀሳቀሳል። የመግቢያዋን ፊልትሮ አጠብናት፤ ትንሽ ቀይ አሸዋ ወጣ። ቀይ አሸዋው ነው የነገረን። ዝገት ነው። ከላይ ነው የሚመጣው።

ሐሙስ ጠዋት መቀመጫውን አንስተን፣ ሰርባቶዮውን ፈትተን አወጣን። ውስጡ የቀረው ቤንዚን የቤንዚን ሽታ አይሸትም፤ የአሮጌ ቀለም ነው የሚሸተው። ቤንዚን ሲቆይ ቀለል ያለው ክፍሉ ይተናል፣ የሚቀረው ከዘይቱ ጋር ተጣብቆ ሙጫ ይሆናል። ግማሽ ጎድሎ የተቀመጠ ሰርባቶዮ ደግሞ ቀን ሲሞቅ ማታ ሲበርድ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ዝገቱ የጤዛ ልጅ ነው። ሩቢኔቱ ላይ ወደ ውስጥ የሚቆም ወንፊት አለ፤ ዝገቱና ሙጫው እዚያ ነው የሚሰበሰቡት።

ችግሩ ሩቢኔቱን የያዘው ዳዶ ያለው ሰርባቶዮው ውስጥ ነው። በቤንዚን መሙያው አፍ በኩል እጅ አይገባም፣ ተራ ቁልፍም አይደርስም። ለዚህ ለብቻው የተሠራ ረጅም የቲ ቁልፍ አለ፤ አዳማ ውስጥ አላገኘንም። አንድ የባጃጅ ጋራዥ ሄድን። እዚያ ያለው ልጅ (ከእኛ በዕድሜ ያንሳል፣ "እትዬ" እያለን አሸማቀቀን) ዳዶውን በባትሪ ብርሃን አጮልቆ አይቶ፣ በሽቦ ለክቶ፣ ከውኃ ቧንቧ ቁራጭ ጫፉን ቀርጾ፣ አናቱ ላይ ብረት በይዶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠርቶ ሰጠን። ብየዳው ሰርባቶዮው በሌለበት በሌላኛው ጥግ ነበር፤ ቤንዚን የነበረበት ባዶ ዕቃ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፣ በውስጡ ያለው ትነት ነውና።

ባጃጅ ጋራዥ መሄዳችን ደግሞ ዘመድ ቤት መሄድ ነበር። ቬስፓ በወጣች በሁለት ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ፒያጆ ከእሷው ላይ ባለ ሦስት እግር የዕቃ መጫኛ ሠራ፤ ስሟንም አፔ አለው፣ ንብ ማለት ነው። ባጃጅ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓንም ባለ ሦስት እግሯንም ሕንድ ውስጥ ያመርት ነበር። አዳማን ከዳር እስከ ዳር የሞሏት ሰማያዊ ባጃጆች እንግዲህ የእኛይቱ ተርብ የእህት ልጆች ናቸው። ልጁ ይህን ስንነግረው ሳቀ፤ "ለዚህ ነው አንድ ዓይነት የሚያስሉት" አለ።

በነገራችን ላይ ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሰርባቶዮ፣ ሩቢኔት፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ፋሼታ፣ ማርሚታ። አንድ ሳምንት በቅባት እጅ ስንውል ሮም ብንሄድ ሆቴል መያዝ ባንችል እንኳ ሞተር ማስጠገን እንችላለን አልን።

ወንፊቱን ስናወጣው ወንፊት አይመስልም፣ የተጠበሰ ሥጋ ነው የሚመስለው። በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠብነው። ሰርባቶዮው ውስጥ ጠጠርና ትንሽ ቤንዚን ከተን፣ አፉን ዘግተን፣ እየተፈራረቅን ናጥነው፤ ወተት የናጠች አያት ያላት ሰው ለዚህ ሥራ አትቸገርም። ቀይ ውኃ የመሰለ ነገር ወጣ። ደፋን፣ ደግመን ናጥን፣ ሦስተኛው ላይ ጠራ። ጠጠሮቹን ቆጥረን ነው የከተትነው፣ ቆጥረን ነው ያወጣነው። ቱቦውንም ቀየርን፤ የድሮው ደርቆ እንደ ማካሮኒ ይሰበራል። አዲሱን ስንቆርጥ አላስረዘምነውም፤ ቱቦ ሲረዝም ይጠማዘዛል፣ ወደ ላይ ጉብ ባለበት አየር ይታቆራል፣ ቤንዚኑም እዚያ ይቆማል። ከዚያ ግማሽ ሊትሯን ሃይላንድ እንደገና ያዝን፣ ክዳኑን ዘግተን። ሁለት ደቂቃ ሳትሞላ ሞላች።

ዓርብ ባዶ ሰርባቶዮ ይዘን ቤንዚን ፍለጋ። ማደያ በጀሪካን አይቀዳም፣ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ማትሄደዋን ቬስፓ እንድትሄድ ለማድረግ ገፍተን መውሰድ ነበረብን። ሁለት ሴቶች ቬስፓ ሲገፉ አዳማ ላይ ስንት አስተያየት እንደሚሰጥ አንዘረዝርም። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ነዳጅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከፈለው በስልክ ነውና ኔትወርክ ከሌለ ቤንዚንም የለም። ከኋላችን ያለው ባለ ባጃጅ ከራሱ ስልክ ከፈለልን፣ እኛ ጥሬ ብር ሰጠነው። 5 ሊትር አስቀዳን፣ በሕፃን ጡጦ የለካነውን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨመርን፣ ቬስፓዋን ግራና ቀኝ አወዛውዘን አቀላቀልን።

ሁለተኛው እርግጫ ላይ ተነሳች። የሞተር መንጃ ፈቃድ ያለን አንዳችን ከፊት፣ አንዳችን ከኋላ ሆነን የወንጂን መንገድ ያዝን። አራተኛ ማርሽ፣ ጋዝ እስከ ጥጉ። አንድ ኪሎ ሜትር። ሁለት። ከኋላ ያለነው አንዳችን ጆሯችንን ለሳሉ አቁመናል፤ የሚሰማው ንፋስና ማርሚታዋ ብቻ ነው። የሸንኮራ አገዳው እስኪታይ ድረስ ሄድን፣ ተመለስን። ቤት ስንደርስ ሳይበርድ ካንዴላዋን ፈትተን ለአባባ ሰጠነው። በእጅ መሐረብ ይዞ ወደ ብርሃን አዞራት። ጫፏ ቡናማ ነው፣ የተቆላ ቡና መልክ። "ጥሩ ነው" አለ። ሌላ ምንም አላለም፤ እማማ ግን የከሰል ምድጃዋን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ልጁ ፒካፕ ይዞ፣ ሁለት ተሸካሚ ይዞ መጣ። አባባ ከወንበሩ ሳይነሳ "አስነሷት" አለን። አስነሳናት። ልጁ ዋጋ ጨመረ፤ እንደገና ጨመረ፤ የጨመረው ለእኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ እማማም አባባን በዓይኗ አየችው። አባባ "ብያለሁ እኮ" አለ። ልጁ ቡና ጠጥቶ፣ ሁለተኛውንም ጠጥቶ፣ ሊሄድ ሲል የማትሠራ ቬስፓ የት እንደሚያገኝ ጠየቀን። እኛም ካየ እንዳይገዛ፣ መጀመሪያ ክዳኗን ከፍቶ እንዲያዳምጥ ነገርነው።

አሁን የቀረው ሩቢኔቱ ነው። ውስጡ ያለው ማኅተም አርጅቶ ሌሊት ሌሊት ጠብ ይላል፤ መርካቶ አዘናል፣ ገና አልመጣም። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ሩቢኔቱን የመዝጋት ሥራ የአባባ ነው፤ ከሥሯም የቲማቲም ድልህ ጣሳ አስቀምጠናል።